የኢላማ ጥይት፤ ርካሹ መቼ ያከስራል?

በአሜሪካ ለመዝናኛ ኢላማ ተኩስ በብዛት የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው ባለ 22 ካሊበር ሎንግ ራይፍል ጥይት ነው። መቀጣጠያው በጠርዙ ውስጥ በመሆኑ ቀለሁ ዳግም አይሞላም፤ ሒሳቡም በፍሬ ይሰላል። ለምሳሌ 500 ፍሬ በ40 ዶላር ቢገዛ አንዱ 8 ሳንቲም ይመጣል፤ 25ቱ ቢከሽፉ ግን 8.4 ሳንቲም ይደርሳል። ከዚህ የሚብሰው ኪሳራ የምቱ መበታተን ነው። ስለዚህ ለኢላማ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚጓዘው መደበኛ ዓይነት ይመረጣል። ልምድ ያላቸው ገዢዎች ከሁለት ሦስት ዓይነት ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ወስደው በገዛ ጠመንጃቸው ይሞክራሉ፤ የተስማማውን ከአንድ የምርት ቁጥር በብዛት ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመሣሪያ ቁጥጥር ሊጠብቅ ነው በሚል ሥጋት ሸማቹ ተሻምቶ መደርደሪያው ሲራቆት፣ የተቸገረው ጥይት ሲያልቅበት ብቻ ገበያ የሚወጣው ነበር።