ያውቁ ኖሯል? ጫካ ጠባቂው ቡና

ጂማ መርካቶ በጆንያ ተከምሮ የሚሸጠው ቡና ሁሉ ከጓሮ የተለቀመ አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው የበለጠ-ጌራ ደን ቡና በቀረሮና በዋንዛ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጉሬዛው ከላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ገበሬው እዚያው ዛፍ ላይ ቀፎውን ይሰቅላል። ዛፉ ከተቆረጠ ሁሉም ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኦሮሚያ ክልል ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ጋር ሆኖ አሳታፊ የደን አስተዳደር ጀመረ። ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ ቡናውንና ማሩን የመጠቀም መብት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የደን ቡናው ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የምስክር ወረቀት ማግኘት ጀመረ፤ ይህም የተሻለ ዋጋ ያስገኛል። ተመራማሪዎች በኋላ የሳተላይት ምስል ሲያነጻጽሩ፣ ምስክር ወረቀት ያለው የቡና ደን ከሌለው ያነሰ ተመንጥሮ አገኙት።

ይሁን እንጂ ቡና ብቻውን ደን አያድንም። ምርት ለመጨመር ሲባል ከቡናው ሥር የሚበቅለው ቡቃያ በየዓመቱ ከታጨደ፣ ያረጀውን ቀረሮ የሚተካ ዛፍ አይኖርም። ስለዚህ መርካቶ የደን ቡና ወይም ማር ሲገዙ ምርቱ ከየት እንደመጣ ሻጩን ይጠይቁት።