ሁለተኛዋ አይሮፕላን ሳትሠራ ቀረች

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላና በገዳሪፍ መካከል፣ በአትባራ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ተከዜና ጓንግ ከኢትዮጵያ ተራሮች ወርደው ከተገናኙ በኋላ በአጠገብዋ ያልፋሉ፤ ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም የሚዘልቀው በእርስዋ በኩል ነው። በዚህ ወሰን ላይ በ1933 ዓ.ም. የተከፈለውን ዋጋ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ በአዲስ አበባ የተጀመረን አንድ ሥራ መመልከት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያውን አይሮፕላን ከፈረንሳይ አስመጥቶ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቀበለ። ከዚያም እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ መብረርን ተማሩ። መግዛትና ማብረር ብቻ አይበቃም ተብሎ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አንዲት ቀላል አይሮፕላን በአገር ውስጥ ሠራ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የተፈጸመችው ይህች አይሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች፤ «ኢትዮጵያ አንድ» ተብላም ተጠራች። አንድ ያለ፣ ሁለትን ተስፋ ያደርጋል።

ነገር ግን የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን ወሰኑን ጥሶ ገብቶ ነበርና፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። ፀሐይ ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ሥራውም በዚያው ቆመ።

እንዲህ ያለ ጅምር በሌሎችም አገሮች ተቋርጧል። ካናዳ «አሮ» የተባለውን ተዋጊ አይሮፕላን የካቲት 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በሰረዘች ጊዜ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ የተሠሩትም አይሮፕላኖች ተቆራረጡ። ግብፅም በሔልዋን የጀመረችውን ተዋጊ አይሮፕላን በ1961 ዓ.ም. ተወች። እነዚህ ሁለቱ የቆሙት በገዛ መንግሥታቸው ውሳኔ ነው። የኢትዮጵያን ያቆመው ግን የባዕድ ወረራ ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሰላ በኢጣልያ እጅ ስትወድቅ የባቡሩ መንገድ ተቆረጠ፤ የሾዋክና የገዳሪፍ አገር የጦር ግንባር ጓሮ ሆነ። ለጎጃም አርበኞች የታሰበው መሣሪያ በበቅሎና በግመል ተጭኖ ወሰን መሻገር ነበረበት። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት ጋላባትን በማጥቃት ምሽጉን ቢይዝም፣ ተዋጊ አይሮፕላኖቹ ተመትተው ወደቁ፤ ሰማዩን የያዘው የኢጣልያ አየር ኃይል በቦምብ ስለ ደበደበው ምሽጉን ለቅቆ ተመለሰ። ኢትዮጵያውያን አርበኞችም ለሰማዩ የሰውን ክንፍ ከመጠበቅ በቀር ሌላ አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል አገራቸው የገቡት በዚህ ሁኔታ ነው።

እርግጥ ነው፣ ፀሐይ ብቻዋን የጦርነቱን ዕድል ልትለውጥ አትችልም ነበር። በእርስዋ ላይ የሠሩት እጆች ግን ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ለመሥራት በተማሩ ነበር። ከ80 ዓመታት በላይ በኢጣልያ ከቆየች በኋላ ፀሐይ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የተማረከ ዕቃ ይመለሳል፤ የተቋረጠ የእጅ ሙያ ግን እንደገና ከመጀመሪያው መማርን ይጠይቃል።