ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ሲቀር

ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው። የጋለ ምጣድ የነካ እጃችንን ወዲያው የምንስበው፣ በተሰበረ እግር እንዳንራመድ የምንከለከለው በእርሱ አማካይነት ነው። ቁስሉ ሲሽርና ስብራቱ ሲጠግን ዘበኛውም ዝም ይላል። ይሁን እንጂ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ብቻውን በቦታው ጸንቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከ3 ወር በላይ የዘለቀውን ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል።

ይህ ዓይነቱ ሕመም በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሊወሰን ይችላል። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ጠባሳው አካባቢ ያለ ነርቭ ተጎድቶ ለወራት ሊያቃጥላት ይችላል። የጡት ወይም የጉልበት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ አልማዝ ባለጭራ ይዟቸው የዳኑ፣ እግራቸው የተቆረጠባቸው ሰዎችም እንዲሁ በዚያው በተጎዳው ቦታ የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም የመጠዝጠዝ ስሜት ሊሰማቸው ይችላል። እግሩ የተቆረጠበት ሰው በሌለው እግሩ ላይ ሕመም ቢሰማው ነገሩ ቅዠት አይደለም። መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ሥራቸውን ባለማቆማቸው የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው።

ከሥቃዩ ባልተናነሰ የሚጎዳው ደግሞ የሚያምን ሰው ማጣት ነው። ጠባሳው ደርቆ ሲታይ ቤተሰብ “ድነሻል እኮ” ይላል፤ ጎረቤት “ሥራ ጠልታ ነው” ብሎ ያማል። ሥር በሰደደ ሕመም የሚሠቃዩት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንደሚበዙ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ነው።

ማሸት ለምን ያስታግሣል?

ልጅዎ ወድቆ ጉልበቱን ሲመታ ምን ያደርጋሉ? ሳያስቡት የተመታውን ቦታ ያሹለታል፤ ልጁም ጥቂት ይቀለዋል። ለዚህ የእናቶች ጥበብ ሳይንሳዊ ማብራሪያ የሰጡት ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ አንድ ዓይነት በር እንዳለ ገለጹ። የመነካትና የመታሸት ስሜት የሚያመጡት ነርቮች ሲነቃቁ በሩ ጠበብ ይላል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው የሕመም መልእክትም ይቀንሳል።

ከ2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ዎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስዊት ሐሳቡን በ8 ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። ወደታመመው ቦታ የሚሄደውን ነርቭ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያነቃቁት ቀድሞ ሲነካ የሚያመው ቦታ ሕመሙ ጠፋ። ከእነዚህ መካከል 4ቱ ለ2 ደቂቃ ብቻ ተነቃቅተው ከግማሽ ሰዓት በላይ እፎይታ አገኙ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሐኪም ኖርማን ሺሊ በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚያርፍ ማነቃቂያ በሰው ገላ ውስጥ ተከለ። ዛሬ ነርቭን በሚያነቃቃ ተካይ መሣሪያ የሚሰጠው ሕክምና መነሻው ይህ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ሐኪሙ ቀጭን ሽቦ በመርፌ አማካይነት ከታመመው ነርቭ አጠገብ ያስቀምጣል። ሽቦው የኤሌክትሪክ ምት ከሚያመነጭ አነስተኛ መሣሪያ ጋር ይገናኛል። አንዳንዱ መሣሪያ ባትሪውን ይዞ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ኃይሉን ከውጭ ከቆዳ ላይ ከሚለጠፍ ዕቃ ያገኛል። ሕመምተኛዋ በእጅ በሚያዝ መቆጣጠሪያ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። እንደ መሣሪያው ዓይነት በታመመው ቦታ ቀለል ያለ የመንዘር ስሜት ሊኖር ይችላል።

ሕመሙ ከአንድ ነርቭ የሚመነጭ ሲሆን ሽቦው በእጅ፣ በእግር ወይም በማጅራት ላይ ባለው በዚያው ነርቭ አጠገብ ይደረጋል። በሌላው ጊዜ ከአከርካሪ አጥንት ጎን ባለው የነርቭ ቋጠሮ ላይ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ዘዴ ከጉዳት በኋላ በእግር ላይ ለሚቀር ብርቱ የነርቭ ሕመም እንዲውል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቅዷል። እስከ 60 ቀን ብቻ ቆይቶ የሚወጣ ሽቦም አለ።

የዚህ ሕክምና መልካም ጎን አስቀድሞ የሚሞከር መሆኑ ነው። ቋሚው መሣሪያ ከመተከሉ በፊት ሽቦው ለጥቂት ቀናት በጊዜያዊነት ይገባና ውጤቱ ይታያል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ፣ እንቅልፍና ሥራም ከተሻሻለ ወደ ቋሚው ይታለፋል፤ ካልሆነ ሽቦው ይወጣል። “በግማሽ” የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። መሣሪያው የሕመሙን መልእክት ያለዝባል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አያድንም። ሙሉ በሙሉ እድናለሁ ብሎ የገባ ሰው ጥሩ ውጤት አግኝቶም ቅር ሊለው ይችላል።

ከመወሰን በፊት

ይህ ሕክምና የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። የነርቭ ሕመም መድኃኒት፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና ሌሎች ቀላል ዘዴዎች በሚገባ ተሞክረው በቂ ውጤት ሳይገኝ ሲቀር የሚታሰብ ነው። ቁስል ሊያመረቅዝ፣ ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት ወይም ሊበጠስ፣ ባትሪውም ጊዜውን ጨርሶ በቀዶ ጥገና መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለላቸው ሰዎች ይህንኑ አስቀድመው መንገር አለባቸው። ለእርጉዝ ሴት ደኅንነቱ በበቂ ጥናት ስላልተረጋገጠ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጉዳዩን ከሐኪሟ ጋር ትመካከር። መሣሪያው ከተተከለ በኋላም ኤምአርአይ ወይም ዳያተርሚ የተባለው የሙቀት ሕክምና ሲታዘዝ መሣሪያ እንዳለ መናገር ግዴታ ነው።

መሣሪያው ውድ ነው፤ የሚተክለውም ልዩ ሥልጠና ያለው ሐኪም ነው። ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ገንዘብ የሚያሰባስብ ቤተሰብ ከዋጋው ሌላ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ ወደ አገር ከተመለስን በኋላ የመሣሪያውን ኃይል ማን ያስተካክላል? ሽቦው ቢንሸራተት የት እንሄዳለን? ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል? ስንትስ ያስወጣል? ክትትል የሌለው መሣሪያ በገላ ውስጥ የተቀበረ ብረት ሆኖ ሊቀር ይችላልና መልሱ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ መያዝ አለበት።

መሣሪያው ባይታሰብ እንኳ በቤት ሊደረግ የሚገባው ነገር አለ። ሕመሙ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓትና ምን ሲሠሩ እንደሚብስ በደብተር ይጻፉ፤ ለሐኪም ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። ለጊዜው ያስታገሠውን ኪኒን ከታዘዘው በላይ አይውሰዱ። ሕመሙ ትኩሳት ወይም ያለምክንያት መክሳት ካስከተለ፣ እግር ከደከመ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። ታማሚዋ ሕመሟን እንዳትደብቅ ደግሞ የሚያዳምጣት ያስፈልጋል። ባል ውኃውን ቀድቶ፣ ልጆች ከባዱን ዕቃ አንሥተው፣ ከሁሉም በላይ “አመመኝ” ስትል አምነዋት ወደ ሐኪም አብረዋት ቢሄዱ ሕክምናው ከቤት ተጀመረ ማለት ነው።