የተዛባ ዛጎል ምን ይመሰክራል?



ከይፋግ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው የሚረግጠው ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ባዛልት ከቀለጠ አለት የተሠራ በመሆኑ የባሕር ቅሪተ አካል አይፈለግበትም። አገራችን በባሕር የተሸፈነችበትን ዘመን ለማየት ወደ ደቡብ ተጉዘን፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ወዳለው የዓባይ ሸለቆ መውረድ ይኖርብናል። በዚያ ከባዛልቱ ሥር በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በውስጡም የብራኪዮፖዶችና የሌሎች የጀርባ አጥንት የሌላቸው የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል።

ከእነዚህ መካከል ቅርጹ የተዛባ ዛጎል ቢገኝ ምን እንላለን? ዛጎል የሚያድገው በጠርዙ ላይ አዲስ ንብርብር እየተጨመረ ነው። የበሬ ቀንድ ጫፍ የጥጃነት ዘመኑን እንደሚይዝ ሁሉ፣ የዛጎልም ምንቃር የእንስሳውን ልጅነት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «መዛባቱ መቼ ጀመረ?» የሚለው ነው።

በአንድ ንብርብር ያሉ ዛጎሎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጨፈለቁ፣ ያዛባቸው ከሞቱ በኋላ የተጫናቸው አለት ነው። የዕድገት መስመሮቹ እስከ አንድ ቦታ ቀጥ ብለው መጥተው ከዚያ ከተሰበሩና ከተጠገኑ፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ቆስሎ ድኗል። መዛባቱ ከመጀመሪያው የሚታይ ከሆነ ግን የአፈጣጠር ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በተለምዶ አምስት ክፍል ያለው የባሕር ጃርት አራት ወይም ስድስት ሆኖ ሲገኝ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሆኖም የተለየ ሁሉ ጉድለት አይደለም። በአውሮፓ ጁራሲክ የሚገኘው ቶርኩዊሪንኪያ የተባለው ብራኪዮፖድ አንዱ ጎኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ማለቱ የዝርያው ወግ ነው።

መንስኤውንም ቅርጹ ብቻውን አይነግረንም። በፈረንሳይ አርካሾን ወሽመጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኦይስተር ዛጎሎች ያለ ልክ ወፍረው ነበር። ምክንያቱ የጀልባ ቀለም ውስጥ የነበረ የቆርቆሮ ውሁድ ነበር፤ ጉዳቱም በብዙዎች ላይ ታይቷል፤ ፈረንሳይም በ1982 አጠቃቀሙን ገደበች። ከሺህ አንዱ መዛባቱና ከሃያ አንዱ መዛባቱ የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ።

እኛ ግን በመስክ ሥራ የምንሰበስበው ያማረውን ነው፤ ጎባጣውን እንጥላለን። በዚህ ልማድ የተሞላ መሳቢያ ስለ ጥንቱ ባሕር ጤንነት ሊመሰክር አይችልም። እባካችሁ፣ ከአንድ ንብርብር የምታገኙትን ሁሉ፣ ጤነኛውንም የተዛባውንም፣ ቆጥራችሁ መዝግቡ። የጤነኞቹ ቁጥር ካልታወቀ የተዛባው ብቻውን ምስክር አይሆንም።