ስለ ንግድ ውድድር ጠባቂ መሥሪያ ቤትና ስለ ዳቦ ዋጋ

ገበያ ማለት ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ብቻ አይደለም፤ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩበትም ስፍራ ነው። ፉክክሩ የቀረ እንደ ሆነ አራሹ እህሉን በረከሰ ዋጋ ይሰጣል፥ ድኻውም ዳቦውን በተወደደ ዋጋ ይገዛል፤ በመካከል ያለው ትርፍ በስውር ለተስማሙት ጥቂቶች ይሆናል። ይህን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ጥቅሙ ምን ያህል እንደ ሆነ በደቡብ አፍሪቃ የተደረገው ነገር ያስረዳል። የዚያ አገር ዓመቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት የውድድር ኮሚሽን የሚባል መርማሪ ተቋቋመ፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ሌላ ሸንጎ ነው። ከሳሽና ፈራጅ መለያየታቸው መልካም ሥርዓት ነው። በ2006 መጨረሻ፥ የልደት በዓል ሲቃረብ፥ በምዕራብ ኬፕ ክፍለ አገር ዳቦ እየገዙ ለየሱቁ የሚያደርሱ ትንንሽ አከፋፋዮች አቤት አሉ። ትልልቆቹ ጋጋሪዎች፥ ፕሪሚየር፥ ታይገር ብራንድስና ፓዮኒር፥ በአንድ ሰሞን የዳቦውን ዋጋ ጨምረው፥ ለአከፋፋዮቹ ይተዉላቸው የነበረውንም ቅናሽ አሳንሰውባቸው ነበር።

የዋጋ መጨመር ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ስንዴና ነዳጅ ሲወደድ ዳቦም ይወደዳል። አስቸጋሪው ነገር የስውር ስምምነት ማኅተም የሌለው መሆኑ ነው። ኮሚሽኑ ግን አስቀድሞ ያስታወቀው አንድ መንገድ ነበረው፤ ከተስማሙት መካከል ቀድሞ የተናዘዘና ምስጢሩን የገለጸ ከቅጣት ይድናል። ፕሪሚየርም ቀድሞ ተናዘዘ። ጥፋተኛ በነጻ ሲሄድ ማየት ቅር ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ያለዚህ የቀሩትን ማስረዳት እጅግ በከበደ ነበር። ታይገር ብራንድስ በ2007 ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ ለመክፈል ተስማማ። ፓዮኒር ተከራክሮ ተረታና በ2010 ከ195 ሚሊዮን ራንድ በላይ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ስለ ቀሩት ክሶች በዕርቅ 500 ሚሊዮን ራንድ ሊከፍል፥ የዱቄትና የዳቦ ዋጋም ለጊዜው ሊቀንስ ተዋዋለ።

በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 813 ተፎካካሪ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን፥ ገበያ ለመከፋፈልና በጨረታ ለመመሳጠር እንዳይስማሙ ከልክሏል። በአዋጁ የቆመው ባለሥልጣን ኋላ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። እንግዲህ የወረዳ ሹም በመከር ጊዜ የእህል ገዢዎች ሁሉ በአንድነት አንድ ዋጋ ጠርተው ሌላ ገዢ እንዳይገባ ሲከለክሉ ቢያይ፥ ቀኑን፥ የተጠራውን ዋጋና የገዢዎቹን ስም ጽፎ ያስተላልፍ። አቤት ባዩ ባለ አንድ አህያ ነጋዴም ቢሆን ቃሉ ይጻፍለት።