የከሰል ቆፋሪዎች ቤተ መጻሕፍት

በብሪታንያ፣ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች፣ ቤቶቻቸው ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩት የድንጋይ ከሰል መንደሮች ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሕፃንነታቸውን ሲያስታውሱ፣ አስቀድመው የሚያነሡት የሥራውን ሰዓት የሚያስታውቀውን የማዕድኑን ጡሩምባና፣ አባታቸው ከነጥላሸቱ ገብቶ፣ እናታቸው ባሞቀችው ውሃ፣ በምድጃው ፊት በቆርቆሮ ገንዳ ሲታጠብ ያዩትን ነው፤ በማዕድኑ ደጅ የገላ መታጠቢያ ከመሠራቱ በፊት የየቤቱ ሥርዓት ይህ ነበርና። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የምወደው፣ ከጸሎት ቤቱ ጋራ የመንደሩ ግርማ የነበረውን የሠራተኞች ኢንስቲቲዩት ነው።

ይህ ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ የጋዜጣ ማንበቢያ ክፍልና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነበረው። ባለ ማዕድኑ ኩባንያ ቦታ ወይም ገንዘብ የረዳበት ጊዜ ቢኖርም፣ ዘወትር የሚተዳደረው ከቆፋሪው ደመወዝ በሚቀነስ መዋጮ ነበር፤ መጻሕፍቱንም መርጦ የሚገዛው ቆፋሪዎቹ ራሳቸው የሰየሙት ኮሚቴ ነው። በ1920 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሚወጣው ከሰል በየቶኑ 1 ፔኒ ለቆፋሪዎች ደኅንነት እንዲከፈል ሕግ በታወጀ ጊዜ፣ እንዲህ ያሉት ቤቶች ይበልጥ በዙ።

መዋጮው ምን ያህል የከበረ እንደሆነ የሚታወቀው፣ የልጁ ዕጣ ምን እንደነበረ ሲታሰብ ነው። እስከ 1842 ድረስ ሕፃናት ከምድር በታች በጨለማ ተቀምጠው የነፋስ መተላለፊያውን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከጉድጓዱ አወጣ። በ1900 ወሰኑ 13 ዓመት ሆነ። በ1897 ከእነዚሁ ሸለቆዎች በአንዱ፣ በትሬዴጋር ከተማ ከቆፋሪ አባት የተወለደው አናይሪን ቤቫንም በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ማዕድኑ ወረደ። ቤተ መጻሕፍቱ ልጁን ከጉድጓዱ አላዳነውም፤ ነገር ግን ቀን ሲቆፍር ውሎ ማታ የሚማርበት ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነለት። አንደበቱ ኮልታፋ ስለ ነበረ፣ የሚያሰናክለውን ቃል በሌላ ቃል መተካትን ከንባቡ ለመደ፤ በኋላም በብሪታንያ ፓርላማ ከታወቁት ተናጋሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በዚያችው ከተማ ይኸው የመዋጮ ሥርዓት ሕክምናንም ያቀርብ ነበር። የትሬዴጋር የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አባል ከደመወዙ ከየ1 ፓውንዱ 3 ፔኒ ያህል እየከፈለ፣ ቤተ ሰቡ ሲታመም ያለ ተጨማሪ ዋጋ ሐኪም ያገኝ ነበር። አባቱ በከሰል ብናኝ ሳንባው ታሞ በ1925 የሞተበት ቤቫን፣ በዚህ ማኅበር የሆስፒታል ኮሚቴ አገለገለ፤ በ1945 የጤና ሚኒስትር ሆኖ በተሾመ ጊዜም፣ በልጅነቱ መንደር ያየውን ለአገሩ ሁሉ ሊያደርስ ተነሣ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። በእኔ አስተያየት፣ ይህን አገልግሎት የለንደን ሊቃውንት ፍሬ ብቻ አድርጎ መቍጠር የእነዚያን ቆፋሪዎች ሳንቲም መካድ ነው።

ማዕድኖቹ እየተዘጉ ሲሄዱ ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ተበተኑ፤ ለዓመታት በመዋጮ የተገዙት መጻሕፍትም ተሸጡ፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል። የተረፉትን ለመሰብሰብ በ1973 በስዋንሲ የደቡብ ዌልስ ቆፋሪዎች ቤተ መጻሕፍት ተመሠረተ፤ ዛሬም በዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ለተማሪና ለሕዝብ ክፍት ነው።