ሕጉ ስልካችን ውስጥ ከገባ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ለምን ያስፈልጋል?

ዛሬ ፖለቲካውን ትንሽ ገፋ እናድርገውና ብዙም ስለማይወራለት ነገር እንጫወት፤ ስለ ሕግ ቤተ መጻሕፍት። ሊሰለቻችሁ እንደሚችል እናውቃለን፤ ግን አገር ቤት ድርጅት ለመክፈት የሚያስብ፣ እዚህም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ደርሶት የሚጨነቅ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ቢቆይ ደስ ይለናል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያን ሕጎች ግን በራሳችን ዘመን እንጽፋለን።)

ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መንገደኛ አቪያንካ የተባለውን የኮሎምቢያ አየር መንገድ ከሶ ነበር። የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ነው የሚለው። ተራ ክስ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በሌላ ነው፦ ጠበቆቹ ለፌዴራል ፍርድ ቤቱ የጠቀሷቸው የቀድሞ ፍርዶች ከነቁጥራቸው፣ ከነዳኞቻቸው ስም ጭራሽ የሌሉ ሆነው ተገኙ። ቻትጂፒቲ ነው የፈጠራቸው። ጠበቃው ተጠራጥሮ «እውነተኛ ናቸው ወይ?» ብሎ የጠየቀውም ያንኑ ቻትጂፒቲ ነበር፤ አዎ፣ ትልልቆቹ የሕግ ዳታቤዞች ላይ ታገኛቸዋለህ አለው። ዳኛ ኬቪን ካስቴል በሰኔ 2023 የ5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉባቸው።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ይሄ ነው፦ ቢሮው የተመዘገበበት የሕግ ዳታቤዝ የፌዴራል ፍርዶችን በሙሉ አያሳይም ነበር። ማመሳከሪያ ስላልነበረው ማሽኑን አመነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማመሳከሪያ ያለ ክፍያ የሚከፍቱ የሕዝብ የሕግ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

እነዚህ ቤቶች ወደ ዲጂታል ሲገቡ ብዙዎቻችን የምናስበው መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፣ አለቀ ብለን ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ድሮ ባለሙያውን «መጽሐፉ የት አለ?» ነበር የምንለው። ዛሬ ጽሑፉን ማንም ያገኘዋል። የጠፋው «ይህ ትክክለኛው ሕግ ነው ወይ? ዛሬም ይሠራል ወይ?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ ነው። የባለሙያው ሥራ ከመጠበቅ ወደ ማረጋገጥ ተሻገረ።

የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያደረገውን እንይ። ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የፍርድ ጥራዞችን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ጀርባቸውን በማሽን ቆርጦ፣ ገጽ በገጽ ስካን አደረጋቸው። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ መባባቱ አይቀርም። 40 ሚሊዮን ገደማ ገጽ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፍርዶች፤ የመጀመሪያዎቹ ከ1658 የሚጀምሩ። ሥራውን የደገፈው ኩባንያ በውሉ ላይ ገደብ ስለነበረው ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነው በ2024 ነው። የተቆረጡት መጻሕፍት ግን አልተጣሉም። ታሽገው ኬንታኪ ውስጥ በአንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ተቀመጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው አጠራጣሪ ሲሆን የሚመሳከርበት ወረቀት የግድ ያስፈልጋል።

ሌላው ለውጥ የባለቤትነት ነው። ድሮ መጽሐፍ ተገዝቶ ይቀራል። ዛሬ ዌስትሎውና ሌክሲስ የሚባሉት ዳታቤዞች የሚገኙት በኪራይ ነው፤ ክፍያው የቆመ ዕለት መደርደሪያው ባዶ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየካውንቲው ያሉት የሕግ ቤተ መጻሕፍት ገቢያቸው በአብዛኛው የሚመጣው ሰው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲከፍት ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ተቆርጦ ነው፤ ክስ ሲቀንስ ገቢያቸውም ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ ሰው ገብቶ እነዚህን ውድ ዳታቤዞች በነፃ እንዲጠቀም ያደርጋሉ፣ በኢንተርኔት ትምህርት ይሰጣሉ፣ ለጥያቄ በኢሜይል ይመልሳሉ። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ እንደማያቆምልን እያወቅን ይህን በር አለማንኳኳታችን ያስቆጫል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሕጉንና ፎርሙን ያሳዩአችኋል እንጂ «ይህን ብታደርግ ይሻልሃል» ብለው አይመክሩም። ምክር የጠበቃ ሥራ ነው።

ስለ ማረጋገጥ ካነሳን፣ በ2011 ለአሜሪካ ክፍላተ ግዛት አንድ የሞዴል ሕግ ወጥቷል። አንድ ግዛት ሕጉን በኤሌክትሮኒክ ብቻ ካወጣ እውነተኛነቱ የሚረጋገጥበት መንገድ ማበጀት፣ ሳይጠፋ እንዲቆይና ሕዝብ ሁልጊዜ እንዲያገኘው ማድረግ አለበት ይላል። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ዲሲ ተቀብለውታል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ጋዜጣ ሕጋዊ ኃይል ያለው ቅጂ ወረቀቱ ሳይሆን ኤሌክትሮኒኩ ነው።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። አገር ቤት ላይ ነው የሚያገባን። የኢትዮጵያ ሕግ ዛሬ የሚዞረው በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ እንውሰድ። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የዚህን ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ሽሮ ተካ። ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ባንክና ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች የሚናገሩትን ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን አልነካም። እንግዲህ አንድ ፒዲኤፍ፣ ግማሹ የሞተ፣ ግማሹ በሕይወት ያለ። ፋይሉ ላይ ይህን የሚነግር ምልክት የለም።

ችግሩ ኪስ ውስጥ ይገባል። በአሮጌው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስንቱ ዳያስፖራ ነው ለስም ያህል ወንድሙን ወይ የአክስቱን ልጅ አስገብቶ ኋላ ዘመዳሞቹ ችሎት የተገናኙት! አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። አሮጌውን ፒዲኤፍ ያነበበ ሰው ግን ዛሬም «ሁለተኛ ሰው ፈልግ» ይባላል።

ሌላም አለ። በነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ ውል ለሚፈርም ልጃችሁ ይህን ንገሩት። ደግሞም አዋጁን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ አንቀጹ እንዴት እንደተተረጎመ ማየት ያስፈልጋል።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ የኮንግረስ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ከ1832 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ የሌሎች አገሮችንም ሕግ ይሰበስባል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ናይሮቢ ቢሮ አለው፤ የኢትዮጵያም ኅትመቶች በዚያ በኩል ይገቡለታል። የንባብ ክፍሉ ማዲሰን ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የአንባቢ መታወቂያው በነፃ ይሰጣል፣ ዕድሜ 16 ከሞላ ይበቃል። ሩቅ ያላችሁ በድረ ገጹ ጥያቄ መላክ ትችላላችሁ። ስትጽፉ የአዋጁን ቁጥር፣ ዓመቱንና አንቀጹን አስቀምጡ፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ፤ «ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል ወይስ ተሽሯል?» የሚለውን ጥያቄም ጨምሩበት።